«ብረት ያዘገያል»፦ የማርሻል አርት አሰልጣኝና የሰልጣኝ ክርክር ከሥሩ ሲብራራ

ደሴ ውስጥ በሳምንት ሦስት ማታ ቴኳንዶ የሚሠለጥን አንድ የ19 ዓመት ወጣት፣ በስፓሪንግ (በልምምድ ፍልሚያ) ጊዜ ከእርሱ የሚከብዱ ልጆች እየገፉ ከቦታው ሲያስለቅቁት ጉልበት እንደሚያንሰው ስላመነ፣ በሰፈሩ በሚገኝ ጂም ብረት ማንሳት ጀመረ። በስድስተኛው ሳምንት አሰልጣኙ ከሰልፍ አውጥተው እግሩ እንደ ቀድሞው እንደማይነሣ፣ ትከሻውም እንደ ተቆለፈ ነገሩትና «ብረት ያዘገያል፤ ወይ እርሱን ወይ ቴኳንዶውን ምረጥ» አሉት። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ በመስማት ፈንታ «ማስተር፣ የዓለም ሻምፒዮኖቹ እኮ ብረት ያነሣሉ» ሲል መለሰ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ሳይለዋወጡ ሳምንታት አለፉ።

እኔም በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበርሁ፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። ተመሳሳይ ክርክር በኮምቦልቻም በወልድያም ሰምቻለሁ፤ መልካም ሰልጣኞች በዚህ ሰበብ ቀበቷቸውን ሰቅለው ሲቀሩ ማየትም አሳዝኖኛል። ነገሩ የመታዘዝና ያለመታዘዝ ጉዳይ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለው ስለ ጡንቻና ስለ ነርቭ አሠራር የሚነሣ፣ ግልጽ መልስ ሊሰጠው የሚችል ጥያቄ ነው።

ሁለቱ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር ነውን?

አይደለም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ጉልበት» የሚለው ቃላችን በአንድ ከረጢት ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይዟል። የመጀመሪያው ጡንቻ ባለ በሌለ አቅሙ አንድ ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው፤ አንድ ኩንታል እህል ከመሬት አንሥቶ ትከሻው ላይ የሚያወጣ ተሸካሚ ይህ አለው። በዚህ ጽሑፍ «ጥንካሬ» እንለዋለን። ሁለተኛው ያ ጥንካሬ በምን ያህል አጭር ጊዜ መውጣት እንደሚችል ነው፤ በማሽላ ማሳ መካከል ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን አዙሮ በሚለቅባት ቅጽበት የሚጠቀመው ይህንን ነውና «ፈጣን ጉልበት» እንበለው። ሦስተኛው አንዱን እንቅስቃሴ ቶሎ ሳይደክሙ ደጋግሞ የመሥራት ችሎታ ሲሆን፣ ጦሳ ተራራን ሳያርፍ የሚወጣ ሰው ያለው ይህ «ጽናት» ነው።

ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ከላይ በተነገረው ክርክር ወጣቱ የሚናገረው ስለ ጥንካሬ ነበር፤ አሰልጣኙ የሚሟገቱት ለፈጣን ጉልበት ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ በየማታው በአብዛኛው የሚሠራው ደግሞ ጽናት ነበር። ሦስቱም «ጉልበት» እየተባሉ ስለሚጠሩ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ እየተቃረኑ መሰላቸው።

«ብረት ያዘገያል» የሚለው እምነት ከየት መጣ?

ይህ እምነት የደሴ አሰልጣኝ የፈጠሩት አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ብዙ አሰልጣኞችና የአካል ማጎልመሻ መምህራን፣ ክብደት የሚያነሣ ሰው ጡንቻው «ይታሰራል»፣ እንደ ልቡም መንቀሳቀስ ይሳነዋል ብለው ያምኑ ነበር። ቦክሰኞችና ሯጮችም ከብረት እንዲርቁ ይመከሩ ነበር። በማሳቹሴትስ በሚገኘው ስፕሪንግፊልድ ኮሌጅ ዊልያም ዞርባስና ፒተር ካርፖቪች ይህንን በመለኪያ ለመፈተን ተነሡ፤ 300 ክብደት አንሺዎችንና 300 የማያነሡ ወንዶችን ክንዳቸውን በተቻላቸው ፍጥነት እንዲያሽከረክሩ አድርገው የወሰደባቸውን ጊዜ መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1951 የታተመው ውጤት ከተጠበቀው ተቃራኒ ነበር፤ ክብደት አንሺዎቹ ፈጣኖቹ ሆነው ተገኙ።

ይህ ጥናት ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም። ከመጀመሪያውም ፈጣን የሆኑ ሰዎች ክብደት ማንሳትን መርጠው ሊሆን ይችላልና ብረቱ ፈጣን አደረጋቸው ብሎ መደምደም አይቻልም። ብረት ያነሣ ሰው ሁሉ ይዘገያል የሚለውን አባባል ግን ያፈርሰዋል።

ሌላም ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። የማርሻል አርት ጥንታዊ ትምህርት ራሱ ከክብደት ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ካራቴ በተወለደባት በኦኪናዋ ደሴት ሰልጣኞች በእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ የተሰካ ድንጋይ እያሽከረከሩ ትከሻቸውንና የእጅ አንጓቸውን ያጠነክሩ ነበር፤ አፈ ጠባብ እንስራዎችን አንገታቸውን በጣት ጫፍ ይዘው እየተራመዱ፣ ጣታቸው በበረታ ቁጥር ውስጡ አሸዋ ይጨምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን የመሠረቱት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ባስተማሩት የኃይል ንድፈ ሐሳብም ውስጥ የምት ኃይል ምንጮች ተብለው ከተዘረዘሩት ስድስት ነገሮች መካከል ክብደትና ፍጥነት ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የተቀሩት የአጸፋ ጉልበት፣ ኃይልን በአንድ ቦታ ማሰባሰብ፣ ሚዛንን መጠበቅና የትንፋሽ ቁጥጥር ናቸው። ብዙዎቻችን ለቀበቶ ፈተና የምንሸመድደው ይኸው ዝርዝር ሁለቱ እንደሚደጋገፉ ይናገራል።

ታዲያ ጡንቻ ሲጠነክር ፍጥነቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

እንግሊዛዊው የሥነ አካል ሊቅ አርቺባልድ ሂል፣ እ.ኤ.አ. የ1922 የኖቤል ተሸላሚው፣ በ1938 ባወጡት ሥራ በጡንቻ ጉልበትና በፍጥነቱ መካከል ያለውን ግንኙነት በቀመር አስቀመጡ። በቀላል አነጋገር፣ ጡንቻ የሚያነሣው ነገር በከበደ መጠን የሚኮማተርበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ በቀለለ መጠን ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ ያስታውሱ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳገቱን ጭነት ይዞ የሚወጣ አይሱዙ ከባድ ማርሽ ገብቶ እያቃሰተ ይወጣል፣ ባዶውን ሲሆን ግን ያንኑ ዳገት ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ጂም ውስጥ ከባድ ብረት የያዘን ሰው ያየ አሰልጣኝ የተጫነውን አይሱዙ ነው የሚያየው፤ እንቅስቃሴው ቀርፋፋ ስለሆነ ሰውየውም ቀርፋፋ እየሆነ ያለ ይመስለዋል። ሞተሩ ቢጠነክርስ? ያው ጭነት ያንኑ ዳገት በተሻለ ማርሽ ይወጣል። ባዶ መኪናውም ከዚያ የሚያተርፈው አይጠፋም፤ ትርፉ ግን በጭነት ጊዜ እንደሚታየው የጎላ አይሆንም። በሰውም ላይ የሚሆነው ወደዚህ ይጠጋል። ጥንካሬ ሲጨምር በጣም ከፍተኛ ጥቅም የሚያገኘው ከባድ ነገርን፣ ማለትም የተቃራኒን ሰውነት ወይም የራስን ሙሉ ክብደት ማንቀሳቀስ ነው፤ ባዶ እጅን በአየር ላይ መወርወር የሚያገኘው ጥቅም ያነሰ ነው። ወጣቱ ተገፋሁ ብሎ ብረት መጀመሩ ከዚህ አንጻር ሞኝነት አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ቡጢም ሆነ ርግጫ ጡንቻ ሥራውን እንዲጨርስ የሚሰጠው ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ እንዲህ ያሉ ፈጣን እንቅስቃሴዎች ከ0.05 እስከ 0.25 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ። ጡንቻ ግን ከፍተኛ ጉልበቱ ላይ ለመድረስ 0.3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህ ማለት ምት ጡንቻው ገና እየተነሣ ሳለ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ 120 ኪሎ ማንሳት የሚችል ሰው ያንን ሁሉ በቡጢው ውስጥ አያገኘውም፤ ወሳኙ በመጀመሪያዎቹ የሰከንድ ቅንጣቶች ምን ያህሉን ማውጣት ቻለ የሚለው ነው። አሰልጣኞች «ፈጣን ሁን» እያሉ የሚጮኹለት ነገር በሳይንስ ቋንቋ ይኸው ነው፤ በዚህ ረገድ ስሜታቸው ትክክል ነው። ግን ይህም ራሱ በከባድ ልምምድ የሚሻሻል ነው። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ፐር ኦጎርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ14 ሳምንታት ከባድ ክብደት የሠሩ ወንዶች ከፍተኛ ጥንካሬያቸው ብቻ ሳይሆን ጉልበታቸው ከዜሮ ተነሥቶ የሚወጣበት ፍጥነትም ጨምሮ ተገኝቷል።

ሦስተኛው፣ ለእኔም ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጥንካሬ በአብዛኛው ከጡንቻ ማደግ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ነርቭ የራሱን የጡንቻ ክሮች ቡድን ያዝዛል፤ ያልሠለጠነ ሰው ከእነዚህ ቡድኖች ብዙዎቹን በአንድነት መጥራት አይችልም። ነገሩ በደቦ ሥራ ሊመሰል ይችላል። አንድ ትልቅ ግንድ የሚጎትቱ ሃያ ሰዎች አንዱ ሲጎትት ሌላው ካረፈ ግንዱ አይነቃነቅም፤ ቀድሞ የሚያዜም ሰው መጥቶ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ሲያስጎትታቸው ግን አንድም ሰው ሳይጨመር ግንዱ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ስድስትና ስምንት ሳምንታት የክብደት ልምምድ በዋናነት ዜማ አውጪውን ማሠልጠን ነው። በሰዎቹ ቁጥር መጨመር የሚመሰለው የጡንቻ መወፈር ጎልቶ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በስድስት ሳምንት ውስጥ ወጣቱን የሚያዘገይ ያህል ጡንቻ ተከምሮበታል ማለት ያስቸግራል።

አሰልጣኙ ያዩት መዘግየትስ ሐሰት ነበር?

አልነበረም። አሰልጣኙ ያዩት እውነት ነው፤ ያጠፉት ምክንያቱን በመሰየም ላይ ብቻ ነው። የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ዓይን እግር በአንድ ጣት ያህል ዝቅ ሲል ያያል፤ ይህን መናቅ የሰልጣኙ ትልቁ ስሕተት ነው።

ወጣቱ የእግር ልምምዱን የሚሠራው ሰኞ ጠዋት ነበር፤ የቴኳንዶ ሰዓቱ ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ነበር። ያልለመዱት ከባድ ሥራ፣ በተለይም ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት የሚያወርድበት፣ ከአንድ ቀን በኋላ ተነሥቶ እስከ ሦስተኛው ቀን የሚቆይ ሕመም ያመጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጡንቻው ከመታመሙ በላይ ለጊዜው ይደክማል፤ ጉልበቱም፣ የመታጠፍ አድማሱም ይቀንሳል። ሰኞ ማታ የሚራገጠው በጠዋቱ ድካም ነው፤ ረቡዕ ማታ የሚመጣው ደግሞ ሕመሙ ገና ሳይለቀው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ በሬ በማግስቱ ገበያ ቢወሰድ አረማመዱን አይቶ ሰነፍ በሬ ነው የሚል ገዢ ይሳሳታል፤ በሬው ደክሟል እንጂ ሰነፍ አይደለም። ድካም ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ይለቃል፤ ጥንካሬው ግን ይቀራል። አሰልጣኙ ወጣቱን ያዩት በአብዛኛው በድካሙ ቀናት ስለነበር የሁለቱን ልዩነት የሚያዩበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር።

ትከሻው ተቆልፏል መባሉም የራሱ ምክንያት አለው። ወጣቱ እንደ ብዙዎቻችን በመስታወት የሚታዩትን፣ ደረትንና የክንድ ፊትን አብዝቶ ይሠራል፤ ጀርባውን ይረሳል፤ ብረቱንም ግማሽ መንገድ ብቻ አውርዶ ይመልሳል። ሙሉ አድማሱን ጠብቆ፣ ማለትም መገጣጠሚያው በተፈቀደለት ልክ ተጣጥፎና ተዘርግቶ የሚሠራ የክብደት ልምምድ ግን እንደ ማሳሳብ (ጡንቻን እንደ መለጠጥ) ሁሉ የሰውነትን ተጣጣፊነት እንደሚጨምር ተደጋግሞ ታይቷል። ቁጢጥ ብሎ እስከ ታች ወርዶ መነሣት ዳሌን የሚከፍተው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚረቀው ሦስተኛው ምክንያት ነው። ጥሩ መቺ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጡንቻውን አይወጥርም። ካናዳዊው ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቁ የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚዎችን ጡንቻ በመሣሪያ ሲከታተሉ ያገኙት ይህ ነው፦ ምቱ ሲነሣ ጡንቻ ይወጠራል፣ በመሃል ይላላል፣ ዒላማውን በሚነካበት ቅጽበት ደግሞ እንደገና ይወጠራል። የሚላላበት ጊዜ ፍጥነት የሚወለድበት ነው። ጅራፍን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የእጀታው ጉልበት ወደ ጫፉ የሚሄደው ገመዱ ልል ስለሆነ ነው፣ ጅራፉን ዱላ ቢያደርጉት አይጮኽም። ርግጫም እንዲሁ ከመሬት ተነሥቶ፣ በዳሌ ዞሮ፣ በጉልበት መገጣጠሚያ አልፎ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚደርስ ነው። ብረት የጀመረ ሰው ግን ሁሉን ነገር ጨብጦ መያዝን ለምዶ ይመጣልና ለጥቂት ጊዜ ርግጫውንም ጨብጦ ይራገጣል፤ ወደ ፊት የሚገፋውና ወደ ኋላ የሚጎትተው ጡንቻ በአንድነት ሲወጠሩ እግሩ ይዘገያል። መድኃኒቱ ብረቱን መጣል ሳይሆን ያገኙትን አዲስ ጉልበት ልል በሆነ ርግጫ ደጋግሞ ማለማመድ ነው፤ ይህንን ሊያስተምር የሚችለው ደግሞ የጂም አሠሪ ሳይሆን ማስተር ናቸው።

ብዙ መሥራት ብዙ ይጠቅማል ብሎ ሁለቱንም በየቀኑ መደራረብም ዋጋ ያስከፍላል። ሮበርት ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት የአሥር ሳምንት ጥናት፣ ከባድ የክብደትና ከባድ የጽናት ልምምድ በአንድነት የሠሩት ሰዎች ጥንካሬያቸው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ከጨመረ በኋላ ቆሞ ወደ መቀነስ ሄዷል፤ ክብደት ብቻ የሠሩት ግን መጨመራቸውን ቀጥለዋል። የተሠራው መጠን ተራ ሰልጣኝ ከሚችለው በላይ ነበርና ቁጥሩን እንዳለ ወደ ራስ መውሰድ አይገባም፤ ሰውነት በአንድ ሳምንት የሚችለው ልክ እንዳለው ግን በግልጽ ያሳያል።

ጉልበት የቴክኒክን ጉድለት ይሸፍናል የሚባለውስ?

በዚህ ላይ ከአሰልጣኞች ጎን እቆማለሁ። በተለይ መያያዝ ባለባቸው እንደ ጁዶና ጁጂትሱ ባሉ ስፖርቶች ጠንካራ ጀማሪ፣ አቋሙ ሳይስተካከል ተቃራኒውን ጎትቶ ሊጥል ይችላል፤ ስለተሳካለትም ስሕተቱን አያርምም። በቴኳንዶም የተገፋ ሰው ጉልበት አነሰኝ ይላል እንጂ ርቀቱን አበላሽቼ ነበር፣ በተቃራኒዬ መስመር ላይ ቆሜ ነበር አይልም። ወጣታችንም ከሚሸነፍባቸው ጊዜያት ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነበር፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ብረት አያስተካክለውም። አሰልጣኝ ነጭ ቀበቶ ያለውን ልጅ «መጀመሪያ አቋምህን ያዝ» ቢለው ልጁን እየጠበቀው ነው።

በሌላ በኩል ጥንካሬ የሚጠብቀውም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በጄፔ ላውርሰንና ባልደረቦቻቸው የታተመ፣ 25 ሙከራዎችንና 26,610 ተሳታፊዎችን ያጠቃለለ ግምገማ፣ የጥንካሬ ልምምድ የስፖርት ጉዳቶችን ቀድሞ ከነበሩበት ወደ አንድ ሦስተኛ ከዚያም በታች እንዳወረደ፣ ማሳሳብ ብቻውን ግን ይህን ያህል ጥበቃ እንዳላሳየ አስነብቧል። በጉዳት እግሩ ታስሮለት ለወራት የሚቀመጥ ሰልጣኝ ቴክኒክም አይማርም።

ፑሽአፕ እየሠራን አይደለም እንዴ?

ብዙ አዳራሾች ይህን ይላሉ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን 20 ፑሽአፕ የሚከብደው ሰው 100 እስኪደርስ ከተለማመደ በኋላ ያገኘው በአብዛኛው ጽናት ነው። ጥንካሬ እንዲቀጥል ጫናው ራሱ ቀስ በቀስ መጨመር አለበት፤ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዲሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የቆሰሉ ወታደሮችን ጉልበት ለመመለስ የተጠቀሙበትና እስከ ዛሬ የልምምድ ሁሉ መሠረት የሆነው ሐሳብ ይኸው ነው። በገጠር ልጅ መጀመሪያ በ5 ሊትር ጀሪካን፣ ከዚያ በ10፣ በኋላ በ20 ውኃ እየቀዳ የሚጠነክረው በዚሁ ሕግ ነው። በ5 ሊትሩ እድሜ ልኩን ቢመላለስ እግሩ ይጸናል እንጂ 20ውን አያነሣም።

ጀሪካኑን ያለ ምክንያት አልጠራሁትም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ጂም መክፈል ለማይችል ሰልጣኝ ከእርሱ የታመነ ክብደት የለም፤ ግማሽ ሊትር እየጨመሩ መሄድ ይቻላል። በየሰፈሩ የምናየው ሲሚንቶ በቆርቆሮ ሞልቶ በብረት ዘንግ የተሠራው ክብደትም ይሠራል፤ ሆኖም ሁለቱ ጫፎች እኩል መሆናቸውን አንድ ነጋዴን ለምኖ በሚዛን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የሁለት ኪሎ ልዩነት ወገብን በየቀኑ ወደ አንድ ጎን ይጎትታልና።

ክብደት ምድቤን ብለቅስ? ልጆችስ?

በኦሎምፒክ ቴኳንዶ ወንዶች በ58፣ በ68፣ በ80 ኪሎና ከዚያ በላይ፣ ሴቶች በ49፣ በ57፣ በ67 ኪሎና ከዚያ በላይ ይወዳደራሉ፤ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተሰለፈው በ58 ኪሎ ነበር። ጥቂት ድግግሞሽ ባለው ከባድ ሥራ ጥንካሬ ክብደት ሳይጨምር በብዙ ሊያድግ ይችላል፤ የመጀመሪያው ትርፍ ከነርቭ ስለሚመጣ ነው። ሴት ሰልጣኞች «ወንድ እመስላለሁ» ብለው የሚፈሩትም በዚሁ ምክንያትና በሆርሞን ልዩነት በቀላሉ የሚመጣ አይደለም።

ልጆችን በተመለከተ በትክክል በሚያስተምር ሰው ፊት የሚሠራ ቀላል የጥንካሬ ልምምድ ቁመትን እንደሚገታ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። የማይገባው አጥንታቸው ገና ያልበሰለ ልጆች የሚችሉትን የመጨረሻ ክብደት ለማንሳት እንዲፎካከሩ ማድረግ ነው።

የምግብና የጾም ነገር ወሎ ውስጥ መዘለል የለበትም። ለጡንቻ ግንባታ በሰፊው የሚጠቀሰው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ወደ 96 ግራም ይሆናል። 100 ግራም ጥሬ ምስር ከ20 ግራም በላይ ስለሚሰጥ ባቄላው፣ ሽምብራውና ምስሩ በዐቢይ ጾምም ያደርሳሉ፤ በረመዳን ግን ከባዱን ሥራ ከፊጥር በኋላ ማድረግና መጠኑን መቀነስ ይሻላል።

ማስተርን እንዴት ማናገር ይቻላል?

በሰልፍ ፊት አይደለም። ወጣቱ የተናገረው እውነት ነበረው፤ ያን ማታ ግን አሰልጣኙ የሚመልሱት ስለ ጡንቻ ሳይሆን በሠላሳ ሰልጣኝ ፊት ስለ ተነካ ክብራቸው ነበር። የሚሻለው ከልምምድ በፊት ቀድሞ መጥቶ፣ ወይም የቆየ ጥቁር ቀበቶ አስከትሎ፣ «ተሳስተዋል» ሳይሆን «ያዩብኝን መዘግየት እንዳስተካክል ይርዱኝ» ብሎ መጀመር ነው። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ ከላይ እንደታየው ርግጫውን ልል የማድረጉ ሥራ በእርግጥም የእሳቸው ነው።

እኛ ዘንድ ነገሩ የተፈታው በቡና ላይ ነው። አንድ የቆየ ሰልጣኝ ሁለቱን ቤቱ ጠርቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ወደ ቶናው ሲሄድ ወጣቱ የሳምንት ፕሮግራሙን በወረቀት ጽፎ አቀረበ። ማስተር ወረቀቱን አይተው የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «እግርህን የምትሠራው ሰኞ ነው እንዴ?» የሚል ነበር። በዚያው ተስማሙ፤ የእግር ሥራው ዓርብ ማታ ከቴኳንዶ በኋላ እንዲሆንና ቅዳሜና እሑድ እንዲያርፍ፣ ሌላው የብረት ቀን ማክሰኞ የላይኛው አካል ብቻ እንዲሆን፣ ከደረት እኩል ጀርባ እንዲሠራ፣ ሁሉም ነገር በሙሉ አድማስ እንዲሆንና ውድድር ከመድረሱ አሥር ቀን በፊት ብረቱ እንዲቀንስ። መለኪያም አበጁ፤ በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ማታ፣ ሰውነት ባረፈበት ቀን፣ ወጣቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ በኢላማ ላይ የሚያሳርፈውን ርግጫ አሰልጣኙ ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ ቆሞ ዘሎ በኖራ ግድግዳ ላይ የሚደርስበትንም ምልክት ያደርጋሉ። በስምንት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ ከወረደ ብረቱ ይቆማል፤ ካልወረደ ይቀጥላል። ወጣቱ እሺ አለ። ማስተር ደግሞ ቆጠራው የሚጻፍበትን ደብተር እሳቸው እንደሚይዙ ተናግረው ለበረካው ተቀመጡ።